«አንድ ጓደኛዬ» በእንግሊዝኛ ሲባል

የጠያቂያችን ደብዳቤ፦

«ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው በሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በዲቪ ከመጣሁ 4 ዓመት ሆኖኛል። አገር ቤት እስከ 12ኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ አሁን የምሠራው የ86 ዓመት ባልቴት ቤታቸው እየሄድኩ በመንከባከብ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ ቅዳሜ የማልመጣበትን ምክንያት ለማስረዳት ‹ማይ ዋን ፍሬንድ ኢዝ ካሚንግ ፍሮም አዲስ› አልኳቸው። እጄን ያዝ አደረጉና በሐዘኔታ እያዩኝ ‹ኦንሊ ዋን?› አሉኝ። ምን እንዳጠፋሁ ሳይገባኝ ቤት ገብቼ ለ15 ዓመት ልጄ ብነግራት ከት ብላ ሳቀችብኝ። ‹እማ፣ እኔ ብዙ ጓደኞች አለኝ፣ አንዷም እንደዚያ አትልም› አለችኝ። ‹ሺ ሃቭ› ስል ‹ሃዝ በይ› ትላለች፤ ‹ዳዝ ሺ ሃዝ› ስል ደግሞ ተመልሳ ‹ሃቭ በይ› ትላለች። ከትምህርት ቤት ይዤው የመጣሁትን ‹ሃቭ ዩ ኤ ፔን›ም እዚህ ማንም አይልም አለችኝ። የእኔ፣ የእሷ፣ አለኝ፣ የለኝም ለማለት ይህን ያህል መከራ ነው? እኚያ ሴት ፊት አፌን መክፈት እየፈራሁ መጥቻለሁ።»

የአዘጋጁ መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

ባልቴቷ እጅዎን የያዙት አዝነውልዎት እንጂ ታዝበውዎት እንዳልሆነ አስቀድሜ ልንገርዎ። እርስዎ የተናገሩት «አንድ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ትመጣለች» ብለው ነው፤ እሳቸው የሰሙት ግን «በዚህ ዓለም ያለችኝ አንዲት ጓደኛ ልትመጣ ነው» የሚል ነው። በ86 ዓመት ዕድሜ ጓደኞችን አንድ በአንድ መሸኘት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ዝም ብሎ አያልፍም።

ጥፋቱ ያለው «ዋን» በሚለው ቃል ላይ ነው። በአማርኛ «አንድ» ሁልጊዜ ቁጥር አይደለም። «አንድ ሰው ሲፈልግሽ ነበር» ስንል ሰው ቆጥረን ሳይሆን፣ ማንነቱን አንቺ አታውቂውም ለማለት ነው። «አንድ ጓደኛዬ»ም እንደዚሁ «ከጓደኞቼ መካከል አንዷ፣ ስሟን ብነግርሽም የማታውቂያት» ማለት ነው። እንግሊዝኛ ለዚህ ሥራ የመደበው «ዋን»ን ሳይሆን «ኤ» የምትባለውን ትንሽ ቃል ነው። ነገር ግን «ኤ» እና «ማይ» ከአንድ ስም ፊት ጎን ለጎን መቆም አይፈቀድላቸውም፤ «ኤ ማይ ፍሬንድ» አይባልም። ስለዚህ ቋንቋው «ኤ»ን ከፊት ትቶ የባለቤትነቱን ቃል ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ «ኤ ፍሬንድ ኦቭ ማይን» ይላል። ወደ ኋላ ሲሄድ «ማይ» የነበረው «ማይን» እንደሚሆን ያስተውሉ፤ «ኦቭ ሚ» ማለት ስሕተት ነው። «ዋን ኦቭ ማይ ፍሬንድዝ» ቢሉም ያስኬዳል፤ እዚህ ላይ «ዋን» ቢኖርም «ኦቭ» ተከትሎት ስለሚመጣና «ፍሬንድዝ» ብዙ ቁጥር ስለሆነ፣ ከብዙዎቹ አንዷ መሆኗ ግልጽ ነው። ለእኅትና ለወንድም፣ «አንዷ እኅቴ» ለማለት ሲፈልጉ፣ ይህ ሁለተኛው ይሻላል። ማንነቷ ለጨዋታው የማያስፈልግ ከሆነ ደግሞ «ማይ ፍሬንድ ኢዝ ካሚንግ ፍሮም አዲስ» ብለው ቢተዉት ማንም አያርምዎትም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። እርስዎ የጠየቁኝ አራት ወይም አምስት ነገር ቢመስልም፣ ብዙዎቹ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። እስቲ እነዚህን ሦስቱን ቀስ ብለው ያንብቧቸው፤ «ወንድም አለኝ»፣ «እኅት አለችኝ»፣ «ልጆች አሉኝ»። በሦስቱም ባለቤቷ እርስዎ ነዎት፤ እርስዎን የምታመለክተው መጨረሻ ላይ ያለችው «ኝ» ናት፣ እርሷም አልተለወጠችም። የተለወጠው ግሱ ነው፤ «አለ»፣ «አለች»፣ «አሉ» እያለ ወንድምዬውን፣ እኅትዬዋን፣ ልጆቹን ይከተላል። ማለትም በአማርኛ ግሱ የሚያየው ያለውን ነገር እንጂ ነገሩ ያለውን ሰው አይደለም። ሰውየው በግሱ ጭራ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ተጓዥ ነው። «ልጆች አሉኝ» ሲፈታ «ልጆች ለእኔ አሉ» እንደማለት ነው።

እንግሊዝኛ ነገሩን ገልብጦ ያየዋል። «ሃቭ» ከሥሩ «መያዝ» ከሚል ሐሳብ የመጣ ግስ ስለሆነ ያዡን ይፈልጋል፤ ዓረፍተ ነገሩን የሚመራው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ወንድም ይሁን እኅት፣ አንድ ይሁን አሥር፣ ባለቤቱ እስካልተለወጠ ድረስ ግሱ አይነቃነቅም፤ «አይ ሃቭ ኤ ብራዘር»፣ «አይ ሃቭ ኤ ሲስተር»፣ «አይ ሃቭ ፋይቭ ችልድረን»። ባለቤቱ «ሺ» ወይም «ሂ» ወይም «ኢት»፣ ወይም በስሙ የተጠራ አንድ ሰው ወይም አንድ ነገር ሲሆን ብቻ «ሃዝ» ይመጣል፤ «ሺ ሃዝ ኤ ብራዘር»፣ «ሺ ሃዝ ፋይቭ ችልድረን»። አማርኛ ተናጋሪ «ሺ ሃቭ ፋይቭ ችልድረን» የሚለው ሰንፎ አይመስለኝም፤ አእምሮው ከልጅነቱ ጀምሮ እንደለመደው አምስቱን ልጆች ቆጥሮ ግሱን ከእነርሱ ጋር ለማስማማት ሲሞክር ነው። ተማሪዎቼን የምመክራቸው፣ «ሃቭ» ልትሉ ስትሉ ንብረቱን በእጃችሁ ሸፍኑትና ባለቤቱን ብቻ እዩ እያልኩ ነው። እርስዎም ለጥቂት ቀናት ይሞክሩት።

በነገራችን ላይ በዚህ አካሄዱ አማርኛ ብቻውን አይደለም። በግዕዝ «ብየ» ማለት «በእኔ ዘንድ አለ» እንደማለት ነው። ዐረቦቹም «ዒንዲ» ሲሉ «እኔ ዘንድ» ማለታቸው ነው፤ ዕብራይስጡም «ዬሽ ሊ» ሲል ቃል በቃል «ለእኔ አለ» ይላል። እስራኤል የሄደ ወገናችን በዚህ በኩል ብዙም ሳይቸገር፣ ሜሪላንድ የመጣው የሚደናቀፈው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው።

ልጅዎ አንዴ «ሃዝ» አንዴ «ሃቭ» እያለች ያወዛገበችዎትም ትክክል ሆና ነው፤ ምክንያቱን ግን አልነገረችዎትም፣ ምናልባት እርሷም አታውቀው ይሆናል። የሦስተኛ ሰው ምልክት የሆነችው የ«ዝ» ድምፅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የምትከፈል አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ሺ ሃዝ ፔን» (ሕመም አላት) ሲሉ በ«ሃዝ» ውስጥ ተከፍላለች። ጥያቄ ሲጠይቁ «ዳዝ» ከፊት ይመጣና ክፍያውን እርሱ ይፈጽማል፤ «ሃዝ» ዕዳው ስለተነሣለት ወደ «ሃቭ» ይመለሳል። «ዳዝ ሺ ሃቭ ፔን?» ይባላል። «የላትም» ሲባልም እንደዚሁ «ሺ ደዝንት ሃቭ ፔን» ነው። ያለፈው ጊዜ ከዚህ ሁሉ ያሳርፍዎታል፤ «ነበረኝ፣ ነበራት፣ ነበሯቸው» የምንለው ሁሉ በ«ሃድ» ያልቃል። በጥያቄ ግን «ዲድ ሺ ሃቭ?» እንጂ «ዲድ ሺ ሃድ?» አይደለም፤ ምክንያቱ ያው ነው፣ «ዲድ» ከፍሎታል።

ለእርስዎ ሥራ በተለይ የሚያስፈራኝ ከ«ሃቭ» እና «ሃዝ» ይልቅ የእኛ አክብሮት ነው። ባልቴቷን «እሳቸው» እያሉ እንደሚያስቧቸው ከደብዳቤዎ አይቻለሁ፤ የሚገባም ነው። ነገር ግን «እሳቸው» በአእምሮ ውስጥ እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር «ዜይ» ይሆናል፤ «መድኃኒታቸው»ም «ዜይር ሜዲስን» ይሆንና ሰሚው ሁለት ወይም ሦስት ሕመምተኛ ያለ ይመስለዋል። እኔም ሥራ ቦታ በእንግሊዝኛ መናገር በጀመርኩበት ዘመን፣ አለቃዬ መኪናቸውን አቁመው መግቢያውን እንደዘጉ ለባልደረባዬ ለመንገር «ዜይር ካር ኢዝ ብሎኪንግ ዘ ጌት» ብዬው ነበር። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጎረቤት ያሉትን መሥሪያ ቤቶች በር እያንኳኳ «የእናንተ መኪና ነው ወይ?» እያለ ሲጠይቅ አገኘሁት። አለቃችን ከመስኮታቸው ሆነው ሁለታችንንም ያዩን ነበር። ነርስ ስልክ ደውላ ስለ ባልቴቷ ስትጠይቅዎት «ሺ» እና «ኸር» ይበሉ፤ «ሺ ሃዝ ፔን ኢን ኸር ኒ» ቢሉ አንዳች ንቀት የለበትም፤ አንዲት የ86 ዓመት እመቤትም አንዲት የ3 ዓመት ሕፃንም በእንግሊዝኛ እኩል «ኸር» ናቸው። ዛሬ በአሜሪካ አንድን ሰው «ዜይ» ማለት እየተለመደ መምጣቱ እውነት ነው፤ ይህ ግን ጾታው ላልታወቀ ወይም እንዲያ መጠራት ለመረጠ ሰው እንጂ ከክብር ጋር ግንኙነት የለውም።

«አለ» ብቻውን ሲቆምና «ኝ» ወይም «ት» ወይም «ው» ሲጨመርበት እንግሊዝኛው ሁለት የተለያየ መንገድ እንደሚይዝም ይወቁ። ጭራ የሌለው «አለ» ለ«ዜር ኢዝ» እና ለ«ዜር አር» ነው፤ ጭራ ያለው «አለኝ፣ አላት፣ አላቸው» ለ«ሃቭ» ነው። «ፍሪጅ ውስጥ ወተት አለ» «ዜር ኢዝ ሚልክ ኢን ዘ ፍሪጅ» ይሆናል፤ «ኢን ዘ ፍሪጅ ሃዝ ሚልክ» የሚለውን ስሕተት ከብዙ የአገሬ ሰዎች ሰምቼዋለሁ። ከዚህ ደንብ የሚወጣ አንድ ቦታ አለ፣ እርሱም ሱቅ ነው። እኛ ባለሱቁን «ስኳር አለ?» ብለን እንጠይቃለን፤ ባለቤትነቱን አናነሣም። እዚያ ያለው ደንበኛ ግን «ዱ ዩ ሃቭ ሹገር?» ብሎ ሰውየውን በቀጥታ ይጠይቃል፤ «አለሽ ወይ?» እንደማለት ነው። ለእኛ ጆሮ ትንሽ ደፈር ያለ ቢመስልም የተለመደው ይህ ነው።

ስኳርን ካነሣን ዘንድ፣ አማርኛችን ያለው ትልቅ ብልሃት በእንግሊዝኛው እንደሚጠፋ ልብ ይበሉ። «ስኳር አለኝ» ስንል ጓዳችን ውስጥ ነው፤ «ስኳር አለብኝ» ስንል ደማችን ውስጥ ነው። «ገንዘብ አለኝ» እና «ዕዳ አለብኝ» የሚለያዩት በአንዲት «ብ» ነው፤ የሚጠቅመንን ከእኛ ጋር፣ የሚከብደንን ከላያችን ላይ አድርገን እናስበዋለን። እንግሊዝኛው ይህን ሸክም አያይም፤ ሀብቱንም በሽታውንም በ«ሃቭ» ይይዘዋል። «ሺ ሃዝ ኤ ሃውስ»፣ «ሺ ሃዝ ዳያቢትስ»፣ «ሺ ሃዝ ሃይ ብላድ ፕሬዠር»። ከዚህም አልፎ «ራሴን አመመኝ» የምንለው «አይ ሃቭ ኤ ሄዴክ» ይሆናል፤ እኛ የታመመውን አካል ስንጠራ እነርሱ ሕመሙን እንደ ዕቃ ይይዙታል። «ብ» ያለበት ሌላው «አለብኝ»፣ የግዴታው፣ እርሱም ወደዚሁ ግስ ይገባል፤ «መሄድ አለብኝ» «አይ ሃቭ ቱ ጎ» ነው። በፍጥነት ሲነገር «ሃፍታ ጎ» ተብሎ ስለሚሰማ፣ ሌላ ቃል መስሎዎት እንዳይደናገጡ።

ስለ ሕመም ስናወራ አንድ የሚያሳስት ነገር ልጨምር። የትምህርት ቤት መምህራን «አይ አም ሃቪንግ ኤ ካር» አይባልም ብለው ያስተምራሉ፤ ልክ ናቸው፣ ንብረት በሂደት ላይ አይሆንም። ነርሷ ግን «አር ዩ ሃቪንግ ኤኒ ፔን?» ስትል ይሰሟታል። ነርሷ አልተሳሳተችም። እዚያ ላይ «ሃቭ» የያዘው ዕቃ አይደለም፣ በዚያች ሰዓት የሚሰማ ስሜት ነው፤ ምሳ መብላትም «ሃቪንግ ላንች» የሚባለው በዚሁ መንገድ ነው።

«ሃቭ ዩ ኤ ፔን?» የተባለውን በተመለከተ ልጅዎ እውነቷን ነው፤ አስተማሪዎችዎም አልዋሹዎትም። ይህ የቀድሞው የብሪታንያ አነጋገር ነው፤ ዛሬ በዚያው በብሪታንያም ያረጀ ይመስላል። የአሁኖቹ ብሪታንያውያን በጨዋታ መሐል «ሃቭ ዩ ጎት ኤ ፔን?» ማለት ይቀናቸዋል፤ አሜሪካዊው በብዛት «ዱ ዩ ሃቭ ኤ ፔን?» ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ እርስዎ ሜሪላንድ ስለሆኑ ሁለተኛውን ይያዙ። «አይቭ ጋት» (ያው «ጎት» በአሜሪካ አጠራር) የሚለውንም ከአሜሪካውያን አፍ በየቀኑ ይሰሙታል፤ ትርጉሙ ከ«አይ ሃቭ» ጋር አንድ ነው፣ ትንሽ ለቀቅ ያለ የቤት አነጋገር ከመሆኑ በቀር። ጠንቀቅ የሚያስፈልገው ሁለቱን አለመቀላቀል ላይ ነው። በ«ዶንት» የጀመረ በ«ሃቭ» ይጨርስ፤ በ«ሃቭንት» የጀመረ «ጋት» ይከተለው። «አይ ዶንት ሃቭ ጋት» የሚባል ነገር የለም። «ጋትን» የሚል ሲሰሙ ደግሞ «አግኝቼአለሁ» ማለት እንጂ «አለኝ» ማለት አይደለም።

ከ«አለኝ» ወደ «የ» ስንሻገር መንገዱ ይለሰልሳል። «የአበበ መኪና» ስንል ባለቤቱ ቀድሞ ንብረቱ እንደሚከተል ሁሉ፣ «አበበዝ ካር»ም ባለቤቱን ያስቀድማል፤ ለውጡ የእኛ «የ» ከስሙ ፊት ስትገባ የእነርሱ «ኤስ» ከስሙ ጭራ መቀጠሏ ብቻ ነው። የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ ይህችን «ኤስ» ይውጣትና «አበበ ካር» ይላል፣ ምክንያቱም የባለቤትነት ምልክትን ጆሮው የሚጠብቀው ከፊት ነው። ድምፅዋ እንደ ስሙ መጨረሻ ይለያያል። «ት»፣ «ክ»፣ «ፕ»፣ «ፍ» ካለ «ስ» ትሆናለች፤ «ዳዊትስ ካር» ይባላል፣ «ዳዊትስ የት ሄደ?» የምንለውን የሚያስታውስ ቢሆንም። በአናባቢ ወይም እንደ «ም»፣ «ን»፣ «ል»፣ «ብ» ባለ ድምፅ ለሚያልቅ ስም «ዝ» ትሆናለች፤ «አበበዝ»፣ «ሰላምዝ»፣ «ካሌብዝ»። ስሙ ራሱ በ«ስ» ወይም በ«ሽ» ወይም በ«ች» የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀለም ትጨምራለች፤ «ዮናሲዝ»፣ «ቴዎድሮሲዝ»። ሰንሰለት ሲሆን የአማርኛው ቁጠባ አይሠራም። እኛ «የወንድሜ ሚስት እናት» ስንል አንዲት «የ» ሁሉንም ትሸከማለች፤ እንግሊዝኛው በየመገጣጠሚያው ያስከፍላል፣ «ማይ ብራዘርዝ ዋይፍስ ማዘር»።

በጽሑፍ ላይ ከ«ኤስ» በፊት የምትንጠለጠለው ጭረት በንግግር ስለማትሰማ ብዙ አልዘገይባትም። ወደ እንግሊዝኛ ጽሕፈት የገባችው በ16ኛው መቶ ዘመን ሲሆን፣ በመጀመሪያ የተዋጠ ፊደል እዚህ ነበረ ብላ የምታመለክት ነበረች። በዚያ ዘመን አካባቢ አንዳንድ ጸሐፊዎች «ዘ ኪንግ ሂዝ ቡክ» ብለው ይጽፉም ነበር፤ እኛ በንግግር «ንጉሡ መጽሐፋቸው» እንደምንለው መሆኑ ደስ ይለኛል።

ይሁን እንጂ «የ» ባለችበት ሁሉ «ኤስ» አትግባ። «የወርቅ ቀለበት» «ጎልድ ሪንግ» ነው፤ ወርቁ የቀለበቱ ጌታ አይደለም። «የቤት ቁልፍ» «ሃውስ ኪ»፣ «የሻይ ማንኪያ» «ቲ ስፑን» ነው። መለያውን ከራሳችን ቋንቋ እንዋሰው፤ «የማን?» ብለው ሲጠይቁ መልስ የሚያገኙ ከሆነ «ኤስ» ያስፈልጋል፣ «የምን?» ብለው ከሆነ ግን ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። ግዑዝ ነገር ሆኖ «የትኛው?» የሚለውን የሚመልስ ሲሆን በ«ኦቭ» ይገለበጣል፤ «የመድኃኒቱ ስም» «ዘ ኔም ኦቭ ዘ ሜዲስን» ይሆናል። ይህ መለያ ከአሥሩ ስምንቱን ቢያስኬድዎት ነው፤ ጊዜን የሚመለከተው ያፈነግጣል፣ «የዛሬ ጋዜጣ» «ቱዴይዝ ኒውስፔፐር» ስለሚባል። «የልጆች ልብስ»ም የምን ልብስ ነው ተብሎ ቢጠየቅ እንኳ «ችልድረንዝ ክሎዝ» ነው።

«የእኔ» የምትለው ቃልም ሁለት ወንበር እንዳላት ያውቃሉ። «የእኔ ስልክ» እና «ስልኩ የእኔ ነው» ላይ ያው አንዷ ናት። እንግሊዝኛው ስም ሲከተላት «ማይ» ብሎ፣ ብቻዋን ስትቀር «ማይን» ይላታል፤ «ማይ ፎን»፣ «ኢትስ ማይን»። «ዩር» «ዩርዝ»፣ «ኸር» «ኸርዝ» ይሆናሉ፤ «ሂዝ» ብቻ በሁለቱም ቦታ እንዳለ ይቀመጣል። ስልክ ሶፋ ላይ አግኝተው «የማን ነው?» ሲሉ «ሁዝ ኢዝ ኢት?» ይበሉ። «አይ ኦውን» የሚለውን ግስ ግን ለውል ወረቀት ይተዉት፤ በጨዋታ መሐል «አይ ኦውን ኤ ፎን» ያለ ሰው ሊመካ የመጣ ወይም ከፖሊስ ጋር የሚከራከር ይመስላል።

ባልቴቷን በሚቀጥለው ሲያገኟቸው ነገሩን ማስተካከል ከፈለጉ፣ «አይ ሃቭ ሜኒ ፍሬንድዝ። ሺ ኢዝ ኤ ፍሬንድ ኦቭ ማይን» ይበሏቸው፤ ሁለቱ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይበቃሉ፣ ሐዘናቸውንም ያነሡልዎታል።

ልጅዎን በተመለከተ ደግሞ፣ በደብዳቤዎ የጠቀሱትን የእርሷን ንግግር መልሰው ያንብቡት። «ብዙ ጓደኞች አለኝ» ብላለች። እርስዎ በእንግሊዝኛ ንብረቱን እያዩ እንደሚሳሳቱ ሁሉ፣ እርሷም በአማርኛ ባለቤቱን ብቻ እያየች ግሱን እንደ «ሃቭ» ሳይነቃነቅ ትታዋለች። እርሷ «ሃዝ በይ» ስትልዎ፣ እርስዎም ያለ ቁጣ «አሉኝ በይ» ይበሏት። ለምን ብላ ከጠየቀችዎት፣ ጓደኞቹ ብዙ ስለሆኑ ነው።